ድካም የተለካባቸው ፋብሪካዎች

እ.ኤ.አ. በ1915፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ የመድፍ ጥይት እጥረት የገጠማት ብሪታንያ በሎይድ ጆርጅ የሚመራ የጦር መሣሪያ ሚኒስቴር አቋቁማ ፋብሪካዎቿን ቀንና ሌሊት ስታሠራ፣ በርካታ ሴቶች የሚገኙባቸው ሠራተኞች እሑድን ጭምር በቀን እስከ 12 ሰዓት ከማሽን ፊት መቆማቸው የተለመደ ሆነ፤ ሰዓት በጨመረ ቁጥር ምርት ይጨምራል የሚለው እምነት ማስረጃ የሚያሻው አይመስልም ነበርና።

በዚያው ዓመት በሰር ጆርጅ ኒውማን ሰብሳቢነት የተሠየመው የሠራተኞች ጤና ኮሚቴ ግን ድካም ሲል የመዛል ስሜትን ብቻ ሳይሆን ከሥራ ብዛትና ከዕረፍት ማነስ የሚመጣውን የመሥራት አቅም መቀነስ ማለቱ ስለነበር፣ የኦክስፎርዱ ፊዚዮሎጂስት (የሰውነትን አሠራር የሚያጠና ሊቅ) ሆራስ ቨርነን ለኮሚቴው ሠራተኞቹ በየሰዓቱ የሚያወጡትን ምርት መዘገበ። ሰዓቱ ሲያጥር የየሰዓቱ ምርት ከፍ አለ፤ በአንዳንድ ሥራዎችም ጠቅላላው የሳምንት ምርት ጨመረ። ለውጡ ወዲያው ሳይሆን ቆይቶ መታየቱ፣ ሠራተኛው ረጅሙን ቀን ለመዝለቅ ሳያውቀው ጉልበቱን ይቆጥብ እንደነበር ያመለክታል፤ ከግኝቶቹ ሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚገባውም ይኸው ነው።

ኮሚቴው የእሑድ ሥራ እንዲቀር፣ በፈረቃው መካከል አጭር ዕረፍት እንዲሰጥና የሠራተኞች መመገቢያ እንዲከፈት የመከረው ከርኅራኄ ይልቅ ለጥይቱ ብዛት በማሰብ ነበር ቢባል ከእውነት አይርቅም። ጥናቱን ከ1918 ጀምሮ የኢንዱስትሪ ድካም ምርምር ቦርድ ቀጠለበት።