ፍራንከንስታይን የጭራቁ ስም አይደለም

«ፍራንከንስታይን» ሲባል ምን ይታያችኋል? ግንባሩ የተሰፋ፣ አንገቱ ላይ ብሎን የገባበት፣ እያጓራ የሚሄድ ጭራቅ አይደል? ታሪኩን አሳጥራችሁ ንገሩን ብትባሉ ደግሞ «አንድ ያበደ ሳይንቲስት ከሬሳ ጭራቅ ሠራ፤ ጭራቁም ሰው ፈጀ» ትሉ ይሆናል። ብሎኑ የመጣው ከፊልም ነው። ስሙም የሠሪው ነው፤ የተሠራው ፍጡር በመጽሐፉ ውስጥ ስም የለውም። ከሁሉ የከፋው ግን ከዚህ ማጠቃለያ የወጣው ነገር ነው፤ ፍጡሩ ለምን ገዳይ ሆነ?

ከእሳተ ገሞራ ጀርባ

እንጅባራ አካባቢ ላላችሁ እሳተ ገሞራ ሩቅ ነገር አይደለም። ዘንገና ሐይቅ የተኛው ጥንት ፍንዳታ በከፈተው ጉድጓድ ውስጥ ነው። በዚህ መጽሐፍም ላይ እሳተ ገሞራ እጁ አለበት። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1815 በዛሬዋ ኢንዶኔዥያ የሚገኘው የታምቦራ ተራራ ፈነዳ። ወደ ላይ የወጣው የሰልፈር ጋዝ ወደ ጥቃቅን ጠብታዎች ተቀይሮ የፀሐይን ብርሃን በከፊል ጋረደ። በ1816 ብዙ የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ አገሮች ሞቃቱን ወቅት በብርድና በዝናብ አሳለፉት፤ ሰብልም ተበላሸ።

በዚያ ዓመት ሰኔ ላይ በስዊዘርላንድ ጄኔቫ ሐይቅ ዳር የተሰባሰቡ ጓደኛሞችን ዝናቡ ቤት አዋላቸው። ገጣሚው ሎርድ ባይረን እያንዳንዳቸው አንድ አስፈሪ ታሪክ እንዲጽፉ ሐሳብ አቀረበ። ከመካከላቸው የ18 ዓመቷ ሜሪ ሼሊ የጀመረችው ታሪክ ጥር 1 ቀን 1818 ለንደን ላይ ታተመ። በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 1810 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ አገራችን ዘመነ መሳፍንት ላይ ነበረች። የታተመው 500 ቅጂ ብቻ ሲሆን የደራሲዋ ስም አልተጻፈበትም።

እስቲ ታሪኩን በትክክል እናሳጥረው

ዋልተን የተባለ መርከበኛ ወደ ሰሜን ዋልታ ሲጓዝ በበረዶ ላይ የደከመ ሰው ያገኛል። ሰውየው ቪክቶር ፍራንከንስታይን ይባላል፤ የጄኔቫ ልጅ ነው። ያለፈበትን ሁሉ ይተርክለታል።

ቪክቶር ጀርመን አገር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ የአካል ክፍሎችን ሰብስቦ ፍጡር ይሠራል። ፍጡሩ ዓይኑን ሲገልጥ ግን በመልኩ ደንግጦ ጥሎት ይሸሻል። ብቻውን የቀረው ፍጡር ጫካ ለጫካ ሲንከራተት ይቆይና በአንድ ድሃ ቤተሰብ ጎጆ አጠገብ ይደበቃል። እነሱን እያዳመጠ ቋንቋ ይማራል፣ መጻሕፍት ያነባል፣ ሌሊት ሌሊት በድብቅ እንጨት እየለቀመ ደጃቸው ላይ ያስቀምጥላቸዋል። ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ ባለው መንገድ ግራና ቀኝ የዲከረንስ ደን እያየ ያደገ ሰው፣ በብርድ ወራት አንድ ሸክም እንጨት ምን ያህል ውለታ እንደሆነ አይጠፋውም።

በመጨረሻ ደፍሮ ዓይነ ስውሩን አዛውንት ያነጋግራል። አዛውንቱ መልኩን ስለማያዩ በደግነት ያናግሩታል። ልጆቻቸው ሲመጡ ግን ወንድ ልጃቸው ደብድቦ ያባርረዋል። በኋላም ውሃ ልትበላት የነበረች ልጅ አድኖ በጥይት ይመታል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው የመጀመሪያውን ሰው የሚገድለው፤ የቪክቶርን ትንሽ ወንድም። በግድያው ጀስቲን የምትባል ንጹሕ የቤት ሠራተኛ ተከሳ ትሰቀላለች። ፍጡሩ ሠሪውን አግኝቶ እንደ እሱ ያለች ጓደኛ እንዲሠራለት ይለምነዋል። ቪክቶር እሺ ብሎ ይጀምርና መዘዙን ፈርቶ ያፈርሳታል። ፍጡሩም የቪክቶርን የልብ ጓደኛ፣ ቀጥሎም በሠርጓ ሌሊት ሙሽራውን ይገድላል። ቪክቶር እስከ ዋልታው ያሳድደዋል፣ ዋልተን መርከብ ላይም ይሞታል። ፍጡሩ ሬሳው ላይ አልቅሶ ራሱን ሊያቃጥል መወሰኑን ተናግሮ በጨለማው ይሰወራል። ሲሞት አናይም።

ታዲያ ድምፁ የት ጠፋ?

መጽሐፉ በታተመ በአምስት ዓመቱ፣ በ1823፣ ታሪኩ ለንደን ላይ በቴአትር ቀረበ። መድረክ ላይ ፍጡሩ አይናገርም ነበር። በ1931 የወጣው ታዋቂው የሆሊውድ ፊልምም ከማጓራት በቀር ቃል አልሰጠውም። ይባስ ብሎ የተገጠመለት አእምሮ የወንጀለኛ ነው ተባለ። ይቺ ለውጥ ትንሽ ትመስላለች፤ ግን ጥፋተኛውን ቀየረች። በመጽሐፉ ፍጡሩን ያከፋው መጣሉና መገፋቱ ነው፤ በፊልሙ ግን ክፋቱ ከዕቃው ጋር አብሮ የተገጠመ ሆነ። ሠሪው በቀላሉ አመለጠ ማለት ነው።

ቀስቶቹን ሣሉ

እኔ የተማርኩት ምህንድስና ነው። ድልድይ ሲፈርስ «ድልድዩ ፈረሰ፣ ሰው ሞተ» ብሎ ሪፖርት የሚጽፍ መሐንዲስ የጻፈው ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሪፖርቱ ግን ለሚቀጥለው ድልድይ ምንም አይጠቅምም። የትኛው ምሰሶ ቀድሞ ተሰነጠቀ? ስንጥቁን አይቶ ዝም ያለ ነበር?

ልብወለድ ስታሳጥሩም እንዲሁ አድርጉ። ዋና ዋና ድርጊቶችን ወረቀት ላይ ጻፉና አንዱ ሌላውን ካስከተለ በቀስት አገናኟቸው። ከዚያ አንዱን ሰርዙ። ቀጣዩ ድርጊት ምክንያት ካጣ፣ የሰረዛችሁት መቅረት የለበትም። የመርከበኛው ጉዞ በአንድ መስመር ቢያልፍ ችግር የለም። የእንጨት ሸክሙና ድብደባው ከወጡ ግን የሚተርፈው ያለ ምክንያት የሚገድል ጭራቅ ነው።

ስትጨርሱ ማጠቃለያችሁን በአንድ ጥያቄ ፈትኑት፦ ጀስቲን ስትሰቀል እውነቱን የሚያውቅ ሰው ነበር ወይ? ነበር። ቪክቶር ገዳዩ ፍጡሩ መሆኑን እርግጠኛ ነበር፤ ብናገር እንደ እብድ እቆጠራለሁ ብሎ ግን ምስጢሩን ሳያወጣ ቀረ። ከላይ የጻፍኩትን ማጠቃለያ ተመልሳችሁ እዩት፤ ይህ የለበትም። የት ቦታ ትጨምሩታላችሁ?