ቤት ወይስ መኪና? የሞተርሆም ኪራይ ታሪክ

አሜሪካ ውስጥ አንድ ሰው የማይጠቀምበትን ሞተርሆም፣ ማለትም መኝታ፣ ማድቤትና መጸዳጃ ያለውን መኪናውን፣ ለማያውቀው ሰው ማከራየቱ የኢንተርኔት ፈጠራ ነው ይባላል። አርቪሼር የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ተቋቁሞ፣ አውትዶርሲም ብዙ ሳይቆይ ተከትሎት ገበያው ስለደራ አባባሉ እውነት ይመስላል። ነገሩ ግን ከዚያ ይቀድማል። የአዮዋው ዊኔቤጎ ፋብሪካ ከ1966 ጀምሮ ሞተርሆምን በገፍ እያመረተ ዋጋውን ሲያወርደው መካከለኛ ገቢ ያለው ቤተሰብም መግዛት ቻለ። ገዝቶ ግን በዓመት ጥቂት ሳምንት ይነዳውና ቀሪውን ጊዜ ያቆመዋል፤ የባንክ ወለዱ አብሮ አይቆምም። ማከራየት የመጣው ከዚህ ጭንቀት ነው። ማስረጃው ደግሞ በ1980 የአሜሪካ የታክስ ፍርድ ቤት የሰጠው ውሳኔ ነው፤ ትንሽ ሞተርሆማቸውን ለራሳቸውም እየተጠቀሙ የሚያከራዩ ባለቤቶች ወጪውን ከግብራቸው ለመቀነስ ሲከራከሩ፣ ፍርድ ቤቱ ንብረቱን እንደ መኖሪያ ቤት ቆጥሮ ተቀናሹን ገደበባቸው። አምስት ዓመት ቆይቶ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ሳን ዲዬጎ ውስጥ የፌዴራል የአደንዛዥ ዕፅ ቁጥጥር ወኪሎች ያለ ማዘዣ የፈተሹት ሞተርሆም ጉዳይ ሲቀርብለት፣ ይህ ያለ ማዘዣ ሊፈተሽ የሚችል መኪና ነው አለ። ለግብር ቤት፣ ለፍተሻ መኪና! በሁለቱም ፍርድ ያሸነፈው መንግሥት መሆኑ ሳያስገርም አይቀርም።

በእኔ እምነት የኪራዩን ዕድገት ለዓመታት ያነቀው ይኸው መንታነት ነው። የግል መኪና ኢንሹራንስ በክፍያ የተከራየን ተሽከርካሪ በተለምዶ አይሸፍንም፤ የቤት ኢንሹራንስ ደግሞ በአውራ ጎዳና ላይ ለሚደርስ ግጭት አልተሠራም። በ1972 የተመሠረተውን የሞተርሆም አከራይ ድርጅት ክሩዝ አሜሪካን ይህ አላስቸገረውም፤ ተሽከርካሪዎቹ የራሱ ስለሆኑ እንደማንኛውም መኪና አከራይ የንግድ ኢንሹራንስ ይገባል። ባለ አንድ መኪናው ግለሰብ ግን ለጥቂት ሳምንት ኪራይ ብሎ የዓመት የንግድ ኢንሹራንስ ቢገዛ ኪሳራ ነው። እዚህ ላይ አንባቢ፣ ተከራይና አከራይን ያገናኘው ድረ ገጽ አይደለም ወይ ሊል ይችላል። ማገናኘቱን የጋዜጣ ማስታወቂያም ይችልበት ነበር። ጋዜጣው ያልቻለው የተከራዩን የመንጃ ፈቃድ ታሪክ አጣርቶ፣ ለዚያ ጉዞ ብቻ የሚያገለግል ኢንሹራንስ ከኪራዩ ጋር አብሮ መሸጥን ነው። በዚህ ረገድ ኮምፒውተር ባለውለታ መሆኑን አልክድም፤ ውለታው ግን ከማስታወቂያ ሰሌዳነቱ ይልቅ በኢንሹራንስ ሻጭነቱ ይበልጣል። በ2020 ወረርሽኙ ሆቴልና አውሮፕላን ያስፈራውን መንገደኛ ወደ ሞተርሆም ሲነዳ፣ ይህ አሠራር ቀድሞ ባይዘረጋ ኖሮ ብዙው ባለቤት ቁልፉን አሳልፎ ለመስጠት ባልደፈረ ነበር።

ጥያቄው ግን አልተዘጋም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1985 ሲወስን፣ የቆመበት ሁኔታ መኖሪያነቱን በግልጽ የሚያሳይን ሞተርሆም ጉዳይ ሳይወስን ትቶታል። ዛሬ አንዳንድ ባለቤቶች ራሳቸው ነድተው ካምፕ ቦታ ያቆሙታል፤ ከመብራትና ከውሃ ያገናኙታል፤ ተከራዩ ጠረጴዛና አልጋ እንጂ መሪ አይነካም።