የገበሬው ቅጥር፣ የትውልድ ቅርስ

ስለ ጥንታዊ ምሽግ ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው የነገሥታት ግንብ ነው። በአዲስ አበባ አራዳ እንደ አፍንጮ በር ያሉ የሰፈር ስሞችም «በር» የሚለውን ቃል ይዘው እስከ ዛሬ ይጠራሉ። ይሁን እንጂ አርሶ አደሩ ለቤተሰቡና ለከብቱ ደኅንነት በገዛ እጁ የሠራው ቅጥርም ከግንብ ያላነሰ ታሪክ አለው።

በአየርላንድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ6ኛው እስከ 10ኛው መቶ ዘመን የነበሩ ገበሬዎች ቤታቸውን በክብ የአፈር ካብና በቦይ፣ ድንጋይ በሚበዛበት አካባቢ ደግሞ በድንጋይ ካብ ያጥሩ ነበር። ሀብት የሚለካው በከብት ስለነበር ዘራፊን መከላከል ግድ ነበር። የእነዚህ ቅጥሮች ቁጥር ወደ 45 ሺህ እንደሚደርስ ይገመታል። ነዋሪዎቹ ከለቀቋቸው በኋላ ገበሬው የማይታዩ መናፍስት መኖሪያ ናቸው ብሎ፣ በእኛ አገር አድባር እንደሚከበር ሁሉ፣ ሳይነካቸው ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1930 የሐውልቶች ጥበቃ ሕግ ቢወጣም የእርሻ መሣሪያ ሲስፋፋ ብዙዎቹ ታርሰው ጠፍተዋል።

በአገራችን ለዚህ የሚቀርበው የኮንሶ ሕዝብ ሥራ ነው። የኮንሶ መንደሮች በኮረብታ አናት ላይ ተቆርቁረው ከአንድ እስከ ስድስት ዙር በሚደርስ፣ ያለ ጭቃ በተካበ የድንጋይ ቅጥር ተከበዋል። ከቅጥሩ ውጭ ያለው ተዳፋት በእርከን የተያዘ ሲሆን፣ እርከኑ አንዳንድ ቦታ እስከ 5 ሜትር ከፍታ አለው። አፈሩን ከጎርፍ ይጠብቃል፣ ውኃውን ያቆያል። ይህ ሥራ 21 ትውልድ የተቀባበለው፣ ከ400 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው። 55 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍነው ይህ መልክዓ ምድር በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግን ትልቅ ነው። የአየርላንዱ ቅጥር ባዶ ሲሆን በኮንሶው ውስጥ ሰው ይኖርበታል። ስለዚህ ጥበቃው በአጥርና በዘበኛ ብቻ አይሆንም። ድንጋዩ በወደቀ ቁጥር መልሶ የሚክበው፣ የተናደውን እርከን የሚጠግነው ራሱ ገበሬው ነው፤ ያም በአንድ ሰው ጉልበት የሚሆን ሳይሆን በጋራ የሚሠራ ነው። መንደሩ ከቅጥሩ ውጭ ሲስፋፋና የሣር ክዳን በቆርቆሮ ሲተካም ነዋሪው የተሻለ ኑሮ የመሻት መብቱና ቅርሱ መታረቅ ይኖርባቸዋል።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 በግንባታም ሆነ በሌላ አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ሳያጠፋ ወዲያውኑ ለሚመለከተው አካል እንዲያስታውቅ ደንግጓል። ማሳውን የሚያውቀው ገበሬው ስለሆነ የመጀመሪያው ጠባቂም እሱ ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላትና የየአካባቢው ኃላፊዎች ትራክተር ከመግባቱ፣ መጋዘን ከመሠራቱ በፊት አንድ ጊዜ ቆም ብለው ቢጠይቁ፣ ለመጪው ትውልድ የሚተርፈው ምርት ብቻ አይሆንም።