ዋጋ የተቆረጠለት ወተት

ወተት እንደ እህል በጎተራ ተከማችቶ የተሻለ ዋጋ የሚጠብቅ ሸቀጥ አይደለም። ጧት የታለበው ቶሎ ገዢ ካላገኘ ይረጋል። ስለዚህ በወተት ገበያ ላይ የሚወጣ ደንብ ሁሉ ከመንገድና ከሰዓት ጋር መታገል ግዴታው ነው። የኢትዮጵያ የወተት ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል።

እ.ኤ.አ. በ1947 ከተባበሩት መንግሥታት የእርዳታና የመልሶ ማቋቋም አስተዳደር 300 ያህል የፍሪዥያንና የብራውን ስዊስ ከብቶች ተገኙ። በ1960 በዩኒሴፍ እርዳታ አዲስ አበባ ሾላ ላይ የሙከራ ማቀነባበሪያ ተቋቋመ። በ1971 የወተት ልማትን የሚመራ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተመሠረተ። ከአብዮቱ በኋላ የግል የወተት እርሻዎች ተወረሱ፤ በ1979ም የወተት ልማት ድርጅት ተቋቋመ። ለአርቢው የሚከፈለውንም ሆነ ሸማቹ የሚከፍለውን ዋጋ የሚቆርጠው መንግሥት ነበር።

ዓላማው ለከተማው ሕዝብ ወተት በርካሽ እንዲዳረስ ስለነበረ የሚነቀፍ አልነበረም። ነገር ግን መኖ ሲወደድ የወተቱ ዋጋ ባለበት ከቆመ፣ የርካሹን ወተት ዕዳ የሚሸከመው ላም አርቢው ነው። እርሱም ወተቱን ለጎረቤት ደንበኛ በስምምነት መሸጥን መረጠ። በአዲስ አበባ እንኳ አብዛኛው ወተት ከድርጅቱ እጅ ውጭ ይሸጥ ነበር።

ድርጅቱ ወተት የሚሰበስበው በዋናነት ከአዲስ አበባ ዙሪያ ነበር። የወረባቦዋን ቢስቲማን የመሳሰሉ የወሎ ከተሞች ከዚህ ክበብ ርቀው ቀሩ። በእንዲህ ያለው ስፍራ ወተቱን ከብልሽት የሚያድነው መኪና ወይም ማቀዝቀዣ ሳይሆን የእመቤቲቱ ብልሃት ነው፤ ወተቱ ይረጋል፣ ይናጣል፣ አሬራው ለቤት ይቀራል፣ ቅቤው ለገበያ ይወጣል። ቅቤ መንገድ ስለሚችል እስከ ደሴና ኮምቦልቻ ይዘልቃል፤ ዋጋውም በሽታውና በመልኩ በገዢና በሻጭ ክርክር ይቆረጣል። ወረባቦን በምሥራቅ በኩል በሚያዋስኑት በአፋር አርብቶ አደሮች ዘንድ ደግሞ ወተት መሸጥ ራሱ በልማድ እንደ ነውር ይታይ ነበር። ለእንግዳ የሚሰጥን ነገር በታሪፍ መግዛት እንዴት ይቻላል?

ከ1991 በኋላ የዋጋ ቁጥጥሩ ላላ፤ የግል ማቀነባበሪያዎችም ተስፋፉ። የደንቡ ትኩረት ከዋጋ ወደ ጥራትና ወደ ንጽሕና ተሻገረ። ይሁንና የቀድሞው ስሕተት በሌላ መልክ ሊደገም ይችላል። ንጹሕ ዕቃ፣ ቅርብ የመሰብሰቢያ ጣቢያና አስተማማኝ ገዢ በሌለበት የሚወጣ የጥራት ደንብ፣ መንገድ በሌለበት እንደ ተቆረጠው ዋጋ ሁሉ ከወረቀት አያልፍም። ባለሙያው አርቢውን ከመቅጣቱ በፊት ወተቱ ከላሚቱ ጡት እስከ ሸማቹ ጽዋ የሚጓዝበትን መንገድ መመርመር ይገባዋል።