ዓሣ የመሰለ ዝንብ

እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 1924 በአሜሪካዋ ሜይን ግዛት፣ አፐር ዳም በሚባል ስፍራ፣ ኬሪ ስቲቨንስ የተባለች ባርኔጣ ሠሪ ከላባ ያሰረችውን ማጥመጃ ልትሞክር ወደ ግድቡ ወረደች። ማጥመጃው ዝንብ ይባል እንጂ የሚመስለው ትንሽ ዓሣ ነው። ከግድቡ ሥር 6 ፓውንድ ከ13 አውንስ፣ ማለትም ሦስት ኪሎ ገደማ የሚመዝን ብሩክ ትራውት የተባለ ዓሣ አወጣች። ዓሣው በ«ፊልድ ኤንድ ስትሪም» መጽሔት ውድድር ሁለተኛ ወጣ፤ ወሬው ሲሰማ ዝንቡን እንድትሠራለት የሚያዝዛት ሰው በዛ።

ከዚያ በፊት የነበረውን ላየ ነገሩ ቀላል አይደለም። በእንግሊዝ ፍሬድሪክ ሃልፎርድ በ1886 ባሳተመው መጽሐፍ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈውን ደረቅ ዝንብ ከፍ አድርጎ ካስቀመጠ ወዲህ፣ ብዙ ተከታዮቹ ከውሃ በታች የሚጎተተውን ሁሉ ንቀውት ነበር። ዓሣው ግን መጽሐፍ አያነብም። ትራውት ሲገዝፍ ነፍሳት እየለቀመ ሆዱን መሙላት ያቅተዋል፤ ስለዚህ ወደ ዓሣ ይዞራል፣ የገዛ ዘሩንም አይምርም። ቀን ከወደቀ ግንድ ሥር አድፍጦ ይውላል። ሲመሽ ወይም ውሃው ሲደፈርስ ለአደን ይወጣል። እሱን የሚፈልግ ሰው ታዲያ የሚበላውን ማወቅ አለበት።

አፐር ዳም ባለበት አካባቢ የሚገኙት የሬንጅሊ ሐይቆች ትራውት ድሮ የሚወፍረው ብሉባክ በምትባል ትንሽ ዓሣ ነበር። ሰዎች ሳልሞን አምጥተው ጨመሩ፤ 20ኛው ክፍለ ዘመን ሲገባ ብሉባክ ከዚያ ጠፋች። ለትልልቆቹ ዓሣዎች ምግብ እንድትሆን ስሜልት የተባለች ሌላ ዓሣ ከውጭ መጣች። (ዓሣን ከውሃ ወደ ውሃ ማዛወር የዘመኑ ልማድ ነበር፤ በባሌ ተራሮች ወንዞች ያለው ትራውትም በኋላ ከኬንያ የመጣ ነው።) የስቲቨንስ ዝነኛ ሥራ «ግሬይ ጎስት» የስሜልት ምስል ነው። ሰው ሐይቁን ባይነካካው ይህ ዝንብ ባልተወለደ ነበር፤ እኔ ውበቱን ሳይ የብሉባክ መጥፋት አብሮ ይታየኛል።

ስቲቨንስ መንጠቆውን በማሰሪያ መሣሪያ አትይዝም ነበር፤ በጣቶቿ ይዛ ነበር የምታስረው። ግሬይ ጎስትን ስታስር ብርቱካናማ ክር በመንጠቆው ላይ ትጠመጥምና የብር ጥለት ታዞርበት ነበር፤ ከላይ ረዣዥም ግራጫ ላባዎች ትደርብ፣ በጉንጩ በኩል የዓይን ነጥብ ያላት ላባ ትለጥፍ ነበር። በጥቁሩ ራስ ላይ የምታስረው ብርቱካናማ ቀለበት ፊርማዋ ነበር። ደርቆ ሲታይ ጌጥ ይመስላል። ውሃ ሲገባ ላባዎቹ ተጣብቀው አንድ አካል ይሆናሉ፤ ሲጎተት ይቀጥናል፣ ሲቆም መለስ ብሎ ይከፈታል፣ እንደሚተነፍስ።

በ1930ዎቹ በካናዳው ኒፒገን ወንዝ ዶን ጋፐን የአጋዘን ጠጉር ጠቅጥቆ፣ ከወንዝ ወለል የማትርቀውን ራሰ ሰፊ ዓሣ አስመስሎ «መድለር ሚኖው»ን ሠራ። በ1967 ደግሞ የፔንሲልቫኒያው ራስል ብሌሲንግ «ዉሊ በገር»ን አመጣ። ከዚያ የዝንቦቹ መጠን እያደገ ሄደ። ኬሊ ጋሉፕና ቦብ ሊንሰንማን በ1999 ባወጡት መጽሐፍ ትልቅ ትራውት ሲርበው ብቻ ሳይሆን ክልሉን የደፈረበትንም እንደሚመታ ተከራከሩ። ዛሬ ስትሪመር ከሚባሉት ዓሣ መሳይ ዝንቦች ብዙዎቹ ትልልቆች ሁለት መንጠቆ ተጋጥሞላቸው፣ እንደ መዳፍ ረዝመው ይታሰራሉ። አጥማጁ ክሩን በኃይል ሳብ አድርጎ ሲለቀው የዝንቡ ራስ ይቆማል፣ ጭራው ግን ገና ይወዛወዛል። ዓሣው ብዙ ጊዜ የሚመታው በዚያች ፋታ ነው፤ የስቲቨንስ ላባዎች በሚከፈቱባት በዚያችው ቅጽበት።