የኢንክጄት ማተሚያ ቀለም ለምን ይታሸጋል?

በየከተማው ባሉ የጽሕፈትና የኮፒ ቤቶች ከሚታተመው ማመልከቻ፣ ውልና የተማሪ መልመጃ ገሚሱ በዱቄት ቀለም፣ ገሚሱ ደግሞ ፈሳሽ ቀለም በሚረጭ ኢንክጄት ማተሚያ የሚወጣ ነው። የኢንክጄቱ ቀለም የሚቀመጠው ካርትሪጅ በሚባል ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ነው። ብዙ ሰው ካርትሪጁን እንደ ቀለም ጠርሙስ ይቆጥረዋል፤ ኾኖም ዋጋውን የሚያስወድደው ከቀለሙ ይልቅ አሠራሩና አስተሻሸጉ ነው።

የአሠራሩ መነሻ ድንገተኛ ነበር። እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1977 በጃፓኑ ካኖን ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ኢቺሮ ኤንዶ፣ ቀለም የሞላ ሲሪንጅ መርፌ የጋለ የመበየጃ ብረት ሲነካው ቀለሙ ተፈናጥሮ ሲወጣ ተመለከቱ። በአሜሪካ የሂውሌት ፓካርድ ባለሙያዎችም በዚያው ዘመን ወደ ተመሳሳይ ሐሳብ ደርሰው፣ በ1984 ቲንክጄት የተባለውን ማተሚያ ለገበያ አቀረቡ። የዚህ ማተሚያ መርጫና ቀለም በአንድ ካርትሪጅ ላይ ስለነበሩ፣ ቀለሙ ሲያልቅ ኹለቱም አብረው ይቀየሩ ነበር።

በእንዲህ ያለ ካርትሪጅ ሥር ከሰው ፀጉር የቀጠኑ ቀዳዳዎች አሉ። ከእያንዳንዱ ቀዳዳ ጀርባ ያለች ጥቃቅን ማሞቂያ ቀለሙን በቅጽበት ታፈላለች፤ የሚፈጠረው አረፋም አንዲት ጠብታ ገፍቶ ያስወጣል። ኤፕሰን ግን በሙቀት ፋንታ ኤሌክትሪክ ሲደርሰው የሚለመጥ ቁስ ይጠቀማል፤ መርጫው ከማተሚያው ጋር ስለሚቀር የሚቀየረው የቀለሙ መያዣ ብቻ ነው።

ቀዳዳዎቹ ወደ ታች እያዩ ቀለሙ እንዴት አይንጠባጠብም? በብዙ ካርትሪጆች ሆድ ውስጥ ያለው ስፖንጅ ቀለሙን ወደ ራሱ ስቦ ይይዘዋል፤ በውስጡ ያለው ግፊትም ከውጭው አየር በጥቂቱ ያንሳል። ይህ ሚዛን እንዳይዛባ ሲባል በፋብሪካ ቀለሙ ይጣራል፤ በተቻለ መጠንም አየሩ ይወጣለታል። በስፖንጁ ቀዳዳዎች አየር እንዳይቀርም ብዙ ጊዜ አየር በተመጠጠበት ክፍል ይሞላል። ክዳኑ በሙጫ ከሚለጠፍ ይልቅ በፈጣን ንዝረት ከአካሉ ጋር ቀልጦ እንዲጣበቅ ይደረጋል፤ ሙጫ ከቀለም ጋር ሊዋሐድ ይችላልና። በመጨረሻም መርጫዎቹ በቴፕ ይሸፈናሉ።

በክዳኑ ላይ ደግሞ ቀለሙ ሲቀንስ አየር የሚያስገባ ቀጭን የተጠማዘዘ መተንፈሻ አለ። በአንዳንድ ካርትሪጅ ይህም በቴፕ ተሸፍኖ ይመጣል። ቴፑን ሳያነሡ የሚጠቀሙ ሰዎች ጥቂት ገጽ ካተሙ በኋላ ጽሑፉ ይደበዝዝባቸዋል፤ ቀለሙ ሳያልቅ ካርትሪጁ ይጣላል። አዲስ ካርትሪጅ ሲገዛ በመመሪያው ላይ የተመለከቱትን ቴፖች በሙሉ ማንሣት ይገባል።

የአካባቢው ከፍታም ጉዳይ ነው። በባሕር ጠለል አቅራቢያ የታሸገ ካርትሪጅ 2 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ደብረ ብርሃን ሲከፈት፣ የውጭው የአየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ ከሩብ በላይ በሆነ መጠን ያነሰ ነው። በውስጡ የታሰረ አየር ካለ ተስፋፍቶ ቀለሙን ይገፋል። ስለዚህ ማሸጊያው በወረቀት ላይ፣ ካርትሪጁም ሳይናወጥ ቢከፈት ይመረጣል። እንደ መተማ ባለ ቆላ ግን ተቃራኒው ይከብዳል፤ ሙቀቱ የተከፈተውን ቀለም ቶሎ ያደርቀዋል።

ወጪ ለመቀነስ በሲሪንጅ መልሶ መሙላት ይቻላል። ኾኖም ስፖንጁ ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ ሲሞላ አየር በውስጡ ይቀራል፤ ሲትረፈረፍ ያፈሳል፤ የማይስማማ ቀለምም መርጫውን ይደፍናል። በሙቀት የሚሠራውን ካርትሪጅ ባዶውን ማሠራት ደግሞ ማሞቂያዎቹን ያቃጥላል፤ የሚያቀዘቅዛቸው ቀለሙ ራሱ ነውና። ስለዚህ ጽሑፉ መደብዘዝ ሲጀምር መሙላት የተሻለ ነው።

ማተሚያውም የራሱ ማሸጊያ አለው። በመደበኛው ማጥፊያው ሲጠፋ መርጫውን ወደ ጥግ ወስዶ በጎማ ክዳን ይከድነዋል። ከሶኬቱ ከተነቀለ ወይም በኅትመት መሐል መብራት ከጠፋ ግን መርጫው ክፍቱን ሊቀር ይችላል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ኀይሉ እንደተመለሰ ማተሚያውን አብርቶ በማጥፊያው ማጥፋት መርጫውን ከመድረቅ ይታደገዋል።