ቀለም ያልዘለቀው ካናቴራ

የአባቴን አርባ ለማውጣት ወደ ሽንዲ ስሄድ ምስሉ የታተመባቸውን ሠላሳ ካናቴራዎች ይዤ ነበር። ዘመድ አዝማዱ ለብሶ አለቀሰ። በሳምንቱ እናቴ የራሷን በሳሙና አሽታ ስታጥብ የአባቴ ፊት እየተላጠ በሳፋው ውኃ ላይ ተንሳፈፈ። «ልጄ፣ ውኃው አባትህን ወሰደብኝ» አለችኝ። ለመሆኑ ጥፋቱ የማን ነው? የሳሙናው? የቀለሙ? ወይስ የአታሚው?

ነገሩ ወዲህ ነው። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ሳይመን በተወጠረ ሐር ውስጥ ቀለም አሳልፎ የማተምን ዘዴ በማንቸስተር በስሙ ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1907 ነበር። እ.ኤ.አ. በ1926 ደግሞ አሜሪካዊው ዋልዶ ሲመን ፒቪሲ የተባለውን ደረቅ ፕላስቲክ የሚያለሰልስበትን መንገድ አገኘ። ዛሬ ካናቴራ በሰፊው የሚታተምበት ፕላስቲሶል የተባለው ቀለም የዚያ ግኝት ልጅ ነው።

ፕላስቲሶል ውኃ የለበትምና ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ቢውል አይደርቅም። በማለስለሻ ፈሳሽ ውስጥ የተበተነ የፕላስቲክ ደቃቅ ነው፤ ሙቀት ሲያገኘው ፈሳሹን ጠጥቶ ያብጥና ተዋሕዶ አንድ ሽፋን ይሆናል። ለዚህም አብዛኛው ዓይነት 160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይሻል፤ ያውም ላዩ ብቻ ሳይሆን ክሩን የጨበጠው ሥሩ ጭምር። ክፋቱ፣ ከዚያ እጅግ ባነሰ ሙቀትም ላዩ የደረቀ መስሎ ከእጅ አለመጣበቁ ነው። አታሚው ካውያውን ዳበስ ዳበስ አድርጎ፣ በጣቱ ነክቶ፣ «ደርቋል» ብሎ ነበር የሰጠኝ። «መኪና ሊያመልጠኝ ነው» እያልሁ ያስቸኮልሁት ግን እኔው ነበርሁ።

አበው የተማረን ሰው «ቀለም የዘለቀው» ይሉታል። የብራና ጸሐፊዎቻችን ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸትና ከዕፀዋት አዘጋጅተው ለወራት ያቆዩት ነበር። ትዕግሥቱን ያውቁበታል። እኛ ደግሞ ታሪካችንን ካናቴራ ላይ መጻፍ ከጀመርን ሰነበትን፤ ሠርጉን፣ ምርቃቱን፣ የዓድዋን በዓል፣ ለቅሶውን። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ከተጀመረበት ከ1994 ዓ.ም. ወዲህ ሯጮች የለበሱትን ካናቴራ ሰብስቦ ላስቀመጠ ሰው፣ ሣጥኑ የዘመን መዝገብ ነው። መዝገብ ከሆነ ዘንድ በሁለት እጥበት የሚለቅ ጽሕፈት ምን ይባላል?

ካናቴራውን እንደገና አሳተምሁ። አሁን አልቸኮልሁም። አታሚው ሙቀቱን ለክቶ፣ ጊዜውን ጠብቆ ካወጣው በኋላ ኅትመቱን በሁለት እጁ እንዲወጥርልኝ ለመንሁት፤ ያልበሰለ ቀለም ሲወጠር ይሰነጠቃልና። አልተሰነጠቀም። አንዱን ለሙከራ ደጋግሜ አጠብሁት፤ አልለቀቀም።

ሽንዲ ስደርስ እናቴ ካናቴራውን ተቀብላ አየችው። አልለበሰችውም። ሳሙናዋን አንሥታ በቀጥታ ወደ ሳፋው ሄደች።